ለሉልሰገድ አንድ አስታማሚ

ሉልሰገድ የጋሽ ተክለሃይማኖትን ግራ ጉንጭ ላጭቶ ወደ ቀኙ ሊዞር ሲል መጣበት። ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

"አንድ ጊዜ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ!" አለና ምላጩን ባንኮኒው ላይ ጥሎ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።

በአራዳ ምድር እንደ ሉልሰገድ ፂም የሚላጭ ሰው ገና ከእናቱ አልተወለደም። ደንበኛው ጉንጭ ላይ ዝንብ ብታርፍ የዝንቧን ፂም ላጭቶ ዝንቧን ሳይቀሰቅስ ያልፋል ይባላል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጋግሞ ስላለው ሌላውም ሰው ማለት ጀምሯል። ዛሬ ግን ያ እጀ ወርቅ፣ ሁለት ጉልበቱን አጣብቆ፣ ነጭ ጋዋኑ እየተውለበለበ በግቢው ውስጥ እንደ ዳክዬ ይሮጣል።

ከፀጉር ቤቱ እስከ ዘውዲ ሻይ ቤት ምራቅ ቢተፉ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ለሉልሰገድ ግን ጅማ ማለት ነው። የግቢው የጋራ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ የሚቀመጠው ዘውዲ ዘንድ ነው። ቁልፉ ሰው ኪስ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር ከአንድ የእንጨት የጫማ ቅርጽ ጋር ታስሯል፤ ጫማ ሰፊው ሰፈር ሲቀይር ትቶት የሄደ፣ የትልቅ ሰው ቀኝ እግር። ያንን እግር በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለመንገደኛ ሁሉ ግልጽ ነው።

"ቁልፍ፣ ዘውዲዬ!"

"አሁን አይደል እንዴ የመለስከው? እንጨቱ እኮ ገና ከእጅህ ሙቀት አልበረደም።"

"ስልክ ነው፣ ስልክ! የባንኮክ ሆስፒታል እየደወለልኝ ነው። ሰው በሌለበት ነው የማናግራቸው።"

"ሽንት ቤት ውስጥ?"

"ኔትወርኩ ያለው እዚያ ነው!"

ዘውዲ በቀሚሷ ጠርዝ አፏን ሸፍና እየሳቀች እግሩን አቀበለችው። ወላጆቿ ከአክሱም ናቸው፤ እሷ ግን ነፍስ ያወቀችው ፒያሳ ነው። ስትናደድ ብቻ ትግርኛው ይመጣባታል።

ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በግንባሩ ተደገፈ። የመጣበት ባልዲ ሙሉ ይመስል ነበር፤ የወጣው ግን የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከዚያ ያ የታወቀው ሕመም፣ ከእምብርቱ በታች ስብርባሪ ጠርሙስ የሚያንከባልል ሕመም መጣ። ትንሽ ታገሠው፤ ሄደ። እንደሚመለስ ግን ሁለቱም ያውቁታል፣ እሱም ሕመሙም። ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ከሉልሰገድ ጋር ይህን ያህል ጊዜ አንድ ክፍል የተኛ ሌላ ፍጡር የለም።

ሲመለስ ጋሽ ተክለሃይማኖት ፎጣቸውን እንደታጠቁ መስተዋቱን ያያሉ። ግማሽ ፊታቸው ሙሽራ፣ ግማሹ ባሕታዊ ሆኗል።

"አንተ ልጅ፣ አረፋው እኮ ደረቀብኝ። ይሄ ነገር አልበዛም?"

"የባንኮክ ሰዎች ናቸው ጋሼ። ዋናው ሐኪም ራሱ ካላናገርኩት ብሎ።"

"በምን ቋንቋ ነው የምትግባቡት?"

"በእንግሊዝኛ ነዋ! እሱ እንኳ የኔን እንግሊዝኛ ለመከተል ትንሽ ይቸገራል።"

ባንኮክ የመጣው እንዲህ ነበር። ከክረምቱ በፊት አንድ ደንበኛ "ምነው ትሮጣለህ፣ አሞሃል እንዴ?" ብሎ ወንበር ሙሉ ሰው ፊት ጠየቀው። ሉልሰገድ ወንድ ልጅ ስለ ሽንቱ ሲያወራ ከሚሰማ ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። "ቀላል ነገር ናት፤ ባንኮክ ሄጄ ላሳያት ነው" አለ። እውነቱን ቢናገር "ወይኔ፣ ሉሌ ሽንቱ እምቢ አለው" ብለው እስከ ጊዮርጊስ ያዳርሱለት ነበር። ባንኮክ ሲል ግን ሁሉም ዝም አለ። ባንኮክ መታከም ሹመት ነው። በማግስቱ ባንኮክ ቪዛ አወጣ፤ በሳምንቱ ሆቴል ያዘ፤ አሁን ባሕሩን የሚያይ መስኮት ሁሉ አለው።

"ለማንኛውም፣" አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት ጉንጫቸውን ለምላጩ እየሰጡ፣ "እድሩ ተነጋግሯል። የማክሰኞው በረራህ ካልተቀየረ ሚኒባስ ተኮናትረን ኤርፖርት ድረስ እንሸኝሃለን። ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱትም ይመጣሉ። ሰው ይየው እንጂ! የአራዳ ልጅ ለሕክምና ባሕር ማዶ ሲሄድ እንደ ሌባ ተደብቆ ይሄዳል እንዴ?"

ጋሽ ተክለሃይማኖት የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ያሉት ነገር ከአዋጅ አይተናነስም። የሉልሰገድ እጅ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳተ። በአዛውንቱ አገጭ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ደም ብቅ አለች።

"ምን ሆንክ?"

"ምላጩ ነው ጋሼ። የዛሬ ምላጭ ምን ምላጭ አለው?"

*

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ወደ አራት ኪሎ ወረደ። ሰው ይህን መንገድ በሱቅና በሕንፃ ስም ያውቀዋል። ሉልሰገድ የሚያውቀው በሽንት ቤት ነው። ይሄኛው ካፌ ማኪያቶ ሳታዝ አያስገባም፤ ያኛው ያስገባል ግን ውሃ የለውም፤ ከድልድዩ ማዶ ያለችው ዳቦ ቤት ባለቤቷ ካለች ትፈቅዳለች፣ ልጇ ካለ አይፈቅድም። ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ክፍል ቢያቋቁሙለት ሉልሰገድ ያለ ፈተና ፕሮፌሰር ይሆን ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ከፒያሳ እስከ ድልድዩ ድረስ የሚያንኳኳው በር ሁሉ የሚያውቀው ሰው በር ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ከተበተነ ወዲህ ግን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ አንኳኩቶ የሚገባበት በር ነው የጠፋው።

ዶክተር አርአያ ወጣት ናቸው። ክሊኒካቸው ንጹሕ፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ሉልሰገድ መጀመሪያ ያየው ፀጉራቸውን ነበር፤ ከጆሯቸው በላይ ያለው መስመር ጠማማ ነው። ከዚህ በፊት ሽንቱን አስመርምረውታል፣ ኢንፌክሽን የለም። አልትራሳውንድ አስነስተውታል፣ ፕሮስቴቱም ደኅና ነው። ዛሬ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ባለች ካሜራ ፊኛውን ውስጡን ሊያዩት ነው።

ሉልሰገድ ስለ ባንኮክ ሊያወራላቸው አስቦ ነበር። ግን ሱሪ ከወለቀ በኋላ ሰው ብዙ አይዋሽም።

"የሚያደነዝዝ ቅባት አድርጌያለሁ። አይተኙም፤ ከእኔ ጋር እያወሩ ነው የምንሠራው" አሉ ዶክተሩ። "አሁን ፊኛው እንዲከፈት ውሃ እያስገባሁ ነው። ሲያምዎ ይንገሩኝ።"

"እኔን? ዶክተር፣ እኔን እኮ አያውቁኝም። እኔ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ተነቅዬ፣ ከወንበሩ ተነስቼ የሐኪሙን ፀጉር የቆረጥኩ... ይቁም! ይቁም፣ በማርያም!"

ቆመ። አጠገቡ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር ጽዮን፣ ትከሻውን ያዘችው። ሉልሰገድ ላብ በላብ ሆኖ ስክሪኑን አየ። ሐምራዊ ቀለም ያለው ዋሻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቀጫጭን ሥሮች ተዘርግተዋል። ከላይ በኩል አንድ ቦታ ቀልቶ ተጋግጧል። ሉልሰገድ ስለ ሕክምና ምንም አያውቅም፤ ቆዳ ግን ያውቃል። በደነዘ ምላጭ ደጋግመው የላጩት አንገት ነው የመሰለው።

ልብሱን ለብሶ ሲቀመጥ ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ።

"ድንጋይ የለም። ጥሩ ነው። ያ ቀይ ቦታ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ሥር የሰደደ የፊኛ ሕመም የሚያመጣው ቁስል ነው፤ ያስቸግራል፣ ግን አይገድልም፣ እናክመዋለን። ሌላው ከዚያ የከፋ ነው። ቁራጭ ወስደን ላቦራቶሪ ካላሳየነው፣ በዓይን ብቻ አይታወቅም።"

"ታዲያ ይቁረጡና ይውሰዷ! እዚሁ ነኝ።"

"እዚህ ነቅተው አይችሉትም፤ አሁን የጮሁት እኮ ለብርጭቆ ውሃ ነው። ሆስፒታል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶዎት ይተኛሉ። ፊኛውን በደንብ ሞልተን፣ ወጥረን፣ ዛሬ ያላየሁትን ጓዳ ሁሉ እናያለን። ናሙናውንም እንወስዳለን። መወጠሩ ራሱ አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል። ሁሉም ላይ ነው አልልዎትም።"

"እዚህ ሲሆን በእግሬ መጥቼ በእግሬ ነው የምሄደው፤ አይደል?"

"አዎ።"

"እዚያስ?"

"እዚያ አስታማሚ ያስፈልጋል። ጠዋት አብሮዎት የሚገባ፣ የሚፈርም፣ ሲነቁ አጠገብዎ የሚሆን፣ ቤትዎ የሚያደርስ፣ ያን ቀን አብሮዎት የሚውል። ሆስፒታሉ ያለ አስታማሚ ማደንዘዣ አይሰጥም።"

ሉልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። ደረቱን ነፋ።

"ሰው? ዶክተር፣ እኔን ሰው ይቸግረኛል ብለው ነው? አራዳን ነቅዬ ብመጣ እኮ ሆስፒታሉ አይችለንም! ግቢው ይጠባል፣ መንገድ ይዘጋል!"

"አንድ ይበቃል" አሉ ዶክተር አርአያ።

ሲስተር ጽዮን ቀና ብላ አየችው።

"ማክሰኞ ጠዋት ቦታ አለ" አሉ ዶክተሩ። "ሲስተር ማታ ከመውጣቷ በፊት ትደውልልዎታለች። የአስታማሚውን ሙሉ ስም ይነግሯታል። ካልሆነ ቦታውን ለሌላ ታካሚ ነው የምንሰጠው፤ ቀጣዩ ደግሞ ሩቅ ነው። በርስዎ ቦታ ብሆን አላሳልፈውም።"

*

ሲመለስ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ስልኩን አወጣ። የሉልሰገድ ስልክ ውስጥ ያለው ሕዝብ አንድ ወረዳ ይሞላል፤ ሁሉም ግን በፀጉሩ ነው የተመዘገበው። "ባንክ ጎን አጭር"፣ "መምህር ራሰ በራ"፣ "ሙሽራው የጥምቀት"። እነዚህን ሁሉ በጆሯቸው እያወራ፣ ጭንቅላታቸውን በመዳፉ ይዞ፣ ዓይናቸውን አስጨፍኗል። ጉሮሯቸውን ለምላጩ ሰጥተውታል። "ማክሰኞ ጠዋት ና፣ ስነቃ አጠገቤ ሁን" የሚለው ግን ከመሃላቸው የቱ ነው?

ፍቅሬ አለ። ፍቅሬ በስሙ ነው የተመዘገበው። አብረው ኳስ የተጫወቱ፣ አብረው የተደባደቡ፤ ቤቱ ሲፈርስ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከሄደ ወዲህ በእድር ቀን ብቻ ነው የሚገናኙት። ደወለለት።

"ሉሌ! የባንኮኩ ሰውዬ!" ጮኸ ፍቅሬ። ከኋላው የብየዳ ድምፅ ይሰማል። "ለመሥሪያ ቤቴ ሰው ሁሉ ነገርኩ እኮ! አለቃዬ አላመነኝም፤ ማክሰኞ ሚኒባሱ ላይ ፎቶ አንስቼ አሳየዋለሁ አልኩት። ፈቃድ ሁሉ ጠይቄያለሁ።"

"ፈቃድ ጠየቅህ?"

"ታዲያስ! አንተ ስትሄድ እኔ ልቀር ነው? ስማ፣ ምን ነበር የደወልከው?"

ሉልሰገድ መንገድ ዳር ቆመ። "አስታምመኝ" የምትል አንድ ቃል ብቻ ነበረች። ያቺ ቃል ከወጣች ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ፣ ቪዛው፣ ሆቴሉ፣ ባሕር የሚያየው መስኮት፣ ተከታትለው ሊፈርሱ ነው፤ ፍቅሬም በአለቃው ፊት አብሮ ሊፈርስ ነው።

"ዝም ብዬ ነው" አለ። "ከዚያ ምን ላምጣልህ ልልህ ነው።"

"ሽቶ! ለሚስቴ ሽቶ!"

ስልኩን ዘጋ። አጋነነ ቢባል እንኳ፣ ሉልሰገድ ቢሞት ቀብሩ ላይ የሚወጣው ሰው ግራና ቀኝ መንገዱን ይሞላል። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ተራ ገብቶ ያድራል፣ ጋሽ ተክለሃይማኖት "መልካም ሰው ነበር" ብለው በማይክራፎን ይናገራሉ። ሲሞት የሚመጣው ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶለታል። ሳይሞት የሚመጣ አንድ ሰው ነው የጎደለው።

አንድ ሐሳብ መጣለት። አትክልት ተራ በኩል ከሚቆሙት ተሸካሚዎች አንዱን ቀጥሮ "ወንድሜ ነው" ቢልስ? ሰውየው "ዕቃው ምንድን ነው ጋሼ?" ብሎ ሲጠይቀው "እኔ ነኝ" ሊለው ነው። በራሱ ሳቀ። ሳቁ አላለቀም ነበር፣ ያ ጠርሙስ ከእምብርቱ በታች መንከባለል ሲጀምር።

*

ግቢው ሲደርስ ፀሐይ ከጣሪያው ወርዳለች። ዘውዲ ወንበሮቿን እየደራረበች ነው። ሳይጠይቃት የእንጨቱን እግር አነሳችና ሰጠችው።

"ፊትህ ምን ሆኗል? ኖራ መስለሃል።"

"ፀሐይ ነው።"

ሄዶ ተመለሰ። እግሩን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ አጠገቡ አንድ በሥርዓት የታሰረ ከረጢት አየ።

"ይሄ ያንተ ነው" አለችው። "ቆሎ ነው፤ ሱፍና ሽምብራ ጨምሬበታለሁ። አውሮፕላን ላይ የሚሰጡት ነገር አያጠግብም ይላሉ። ባንኮክ ደግሞ የሚበሉት አይታወቅም፤ እባብ ነው አሉ።"

ሉልሰገድ ከረጢቱን አነሳው። ገና ይሞቃል። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሊቀልድ፣ "እባቡን ቆርጬ አመጣልሻለሁ" ሊል ነበር። ቀልዱ ተሠርቶ ምላሱ ላይ ተቀምጧል። አልወጣም።

ስልኩ ጮኸ።

"አቶ ሉልሰገድ? ሲስተር ጽዮን ነኝ፣ ከዶክተር አርአያ ክሊኒክ። ልወጣ ስለሆነ ነው። ለማክሰኞ የአስታማሚዎን ስም ልመዝግብ?"

"ባንኮክ ነው?" አለች ዘውዲ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ ፈጦ። "ኔትወርክ እዚህም መጣ ማለት ነው?"

ሉልሰገድ ቁልፉን አየ፣ ቆሎውን አየ፣ ዘውዲን አየ። ሰማይ ቤት ሲጠየቅ እንኳ እንዲህ የሚቸገር አይመስለውም ነበር።

"አቶ ሉልሰገድ? ይሰማዎታል? ሰው ከሌለ ቦታውን ልስጠው?"

"የለም፣ የለም። አለ" አለ። "ጻፊ። ዘውዲ..."

ዘውዲ የያዘችው ወንበር አየር ላይ ቀረ።

"ዘውዲ ማን?" አለች ነርሷ።

ሉልሰገድ ወደ ዘውዲ ዞረ። ስንት ዓመት ቁልፍ ተቀብሏታል። ሻዩን ስንት ስኳር እንደሚወድ ታውቃለች፤ በምን ሰዓት እንደሚሮጥ ታውቃለች፤ ሌሊት ሲያመው ቆይቶ ጠዋት ሲመጣ ከአረማመዱ ታውቃለች። እሱ የከተማው ሰው ሁሉ ያባቱ ስም እስከ አያቱ በቃሉ ነው ብሎ የሚፎክር፣ የሷን አያውቅም። ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ።

"ያባትሽ ስም ማን ነው?"

"ባንኮክ ያለ ሆስፒታል ያባቴን ስም ምን ያደርግለታል?"

"ባንኮክ አይደለም።"

"እሺ የት ነው?"

"እዚሁ ነው። ማክሰኞ ጠዋት። ባንኮክ የሚባል ነገር የለም፣ ዘውዲ። ሽንቴ ነው። ፊኛዬ ውስጥ ቁስል አለ፤ ምን ዓይነት ቁስል እንደሆነ ለማወቅ ሊያስተኙኝ ነው። ሰው ከሌለ አናስተኛም አሉ።" ድምፁ ቀጠነ። "ሰው የለኝም።"

ዘውዲ ወንበሩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ፊቷ ቀላ።

"ኣንታ! ውሸታም! ዳቦ ቤቷ ድረስ ሄጄ አውርቼልህ! ለእህቴ መቀሌ ደውዬ! 'ጎረቤቴ ባንኮክ ሊሄድ ነው' ብዬ አፌን ሞልቼ! ቆሎውን አምጣ!"

ከረጢቱን ነጠቀችው። ከስልኩ ውስጥ የሲስተር ጽዮን "ሄሎ? ሄሎ?" እንደ ትንኝ ይሰማል። የሉልሰገድ አንድ እጅ ባዶ ቀረ። ይህንንም ነገር አሳምሮ የሚያወራበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ አሁን ግን የሚጨምርበት ነገር አላገኘም።

ዘውዲ ከረጢቱን ደረቷ ላይ ይዛ አየችው። ብዙ አየችው።

"አጽብሐ" አለች በመጨረሻ፣ አሁንም እየተቆጣች። "ዘውዲ አጽብሐ በላት። በ'ሐ'። በትክክል ትጻፈው፤ በር ላይ እንዳታንከራትተኝ።"

ሉልሰገድ መዳፉን ከስልኩ አነሳ። "ዘውዲ አጽብሐ" አለ።

"እሺ። ምንዎ ናት?"

እህቴ ሊል ይችል ነበር። ያጎቴ ልጅ፣ የሥጋ ዘመዴ፣ ከስፔሻሊስት የማታንስ ነርስ ሊል ይችል ነበር። አራቱም ምላሱ ላይ ተሰልፈው ነበር።

"ጎረቤቴ" አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዘውዲ ከረጢቱን እንደገና እያሰረች ነበር።

"ይሄን ስትነቃ ትበላዋለህ" አለች። "የጋሽ ተክሌን ሚኒባስስ ምን ልናደርገው ነው? ግማሽ ፒያሳ ተሳፍሮ ሊመጣ ነው እኮ።"

ሉልሰገድ የእንጨቱን እግር ወደ ቦታው ገፋ አደረገና፣ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠለጠለ። የጋሽ ተክለሃይማኖት ቤት ከግቢው ጀርባ ነው፤ በዚህ ሰዓት እራት አልቀረበም።

"እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አለ። "አንድ ይበቃል ብለውኛል።"